መልአከ ሞት በሰከንድ 82 ሳንቲሜትር

ዕድሜዬን ሙሉ ስለካ ኖሬ በስተርጅና ተለካሁ። ቀያሽ ነበርኩ፤ የአውራ ጎዳና ቀያሽ። ቴዎዶላይት ተሸክሜ ያልወጣሁት አቀበት፣ ችካል ያልተከልኩበት ማሳ፣ «መሬቴን ሊወስድ መጣ» ብሎ በዱላ ያላባረረኝ ባላገር የለም። ያን ጊዜ የሚለካ ነገር ዝም ብሎ ይለካ ነበር። ጋራው «ቁመቴን ማን ጠየቀህ?» አይልም፤ ወንዙ ስፋቱን ሰምቶ አያኮርፍም። እኔ ግን ጋራ አይደለሁም። አፍ አለኝ፣ አኩራፊም ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ስላኮረፍኩ ነው።

የለካኝ ሰው ቢሆን ቡና አስፈልቼ ባስተናገድኩት። የለካኝ ግን ከወገቤ የማይዘል፣ በጎማ የሚሄድ፣ ዓይኑን ከቅልጥሜ ላይ የማይነቅል ሮቦት ነው። ዓይን ያልኩትም ለአነጋገር ያህል ነው፤ ያለው ሌዘር ነው።

የሌዘር ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የበራው በፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 1960 ነው፤ ያበራውም ቴዎዶር ማይማን የተባለ ሰው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ። ከዚያ አራት ወር ሳይሞላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በአንድ ዓመት ሁለት ጉድ! ነገር ቢገጥም ኖሮ ያ ብርሃን ያንን እግር ይለካ ነበር። የሚለካ እግር ማለት እሱ ነው፤ ሒሳቡን ብትሠሩት በሰከንድ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ይመጣል፣ ያውም ከዳር እስከ ዳር። ብርሃኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነበረው። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ትቶት በመጣው መስተዋት እየነጠረ፣ ከዚህ እስከዚያ ያለውን 384,000 ኪሎ ሜትር ግድም ለካ። እሺ፣ ደግ አደረገ። ታዲያ ጨረቃን የለካ ብርሃን ምን ጎድሎበት ነው አሁን የምኖርበት ቨርጂኒያ ድረስ መጥቶ የኔን ቅልጥም የሚያሳድደው?

ነገሩ የመጣው በልጄ በኩል ነው። ልጄ ነርስ ናት፤ ነርስ ባለበት ቤት ደግሞ ማንም ጤነኛ ሆኖ አያድርም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ የምንጣፉ ጫፍ ያዘኝና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «አባዬ ወደቅህ!» አለች። አልወደቅሁም፤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቸኩዬ ተቀመጥኩ እንጂ መውደቅ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር ታዘንብብኝ ጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ሰው ወድቆ ይሞታል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 ከሞላ ሰዎች ከአራቱ አንዱ፣ እንዲያውም ትንሽ ከዚያ የሚበልጠው፣ በዓመት ውስጥ ይወድቃል። ቁጥር እንጀራዬ ስለነበር አልተከራከርኳትም። ብቻ «ወለል ላይ የተቀመጡትንም ደምረው እንዳይሆን» አልኩ። አልሳቀችም። ብዙም ሳይቆይ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአዛውንቶችን አረማመድ በሮቦት የሚያጠኑበት ቦታ አስመዘገበችኝ፤ እናቷንም ጨምራ። ለተሳታፊ የስጦታ ካርድ ይሰጣል ተባለ። ሚስቴ ፊት ያቺን ካርድ ባያነሷት ኖሮ እኔም ዛሬ በሰላም ሻዬን እጠጣ ነበር።

ቦታው ረጅም ኮሪደር ነው። ተመራማሪዋ ወጣት ናት፣ ትሑት፣ ፈገግታዋ የማያልቅ። በአባቴ ስም ነው የምትጠራኝ፤ አባቴ ካረፉ ስንት ዘመናቸው፣ በሳቸው ፈንታ «አቤት» እያልኩ ገባሁ። ልጄ ታስተረጉማለች። «እንደ ልማድዎ ይሂዱ» አለችኝ። እስቲ እናንተ ሞክሩት! «እንደ ልማድህ ሂድ» ተብሎ እንደ ልማዱ የሄደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጄን የት ላድርገው? ወደፊት ልይ ወይስ መሬት መሬት? ሰባ ምናምን ዓመት ሳላስበው ስሠራበት የኖርኩት እግር በአንዴ የሰው እግር ሆነብኝ።

ሮቦቱ ራቅ ብሎ ከኋላዬ ይከተላል። ስሄድ ይሄዳል፣ ስቆም ይቆማል። መቼም የሰው ልብ ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። አያቴ ቀኛዝማች ነበሩ፤ ገበያ ሲወጡ ጠመንጃ ያነገተ አሽከር ከኋላቸው ይከተል ነበር ይባላል። ዘመን ተገለበጠና አሽከሩም ቀረ፣ ጠመንጃውም ቀረ፣ ለኔ የደረሰኝ ወሬው ብቻ ነው። እነሆ በሰው አገር፣ በስተርጅና፣ አሽከር አገኘሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ስሙንም «አሽከሬ» አልኩት። ይኼ አሽከር የጌታውን ገመና እየጻፈ እንደሚከተል የገባኝ በኋላ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ከሙያዬ ስለማይርቅ ቶሎ ገብቶኛል። መሣሪያው የሚቀመጠው በቅልጥም ከፍታ ነው። በዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል፤ ውስጡ የሚሽከረከር መስተዋት ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሰዋል፤ ብርሃኑ የነካውን ነገር ነክቶ ሲመለስ የወሰደበት ጊዜ ይቆጠራል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ሦስት ሜትር ርቆ ያለ እግር ጋ ደርሶ ለመመለስ 20 ናኖ ሰከንድ ይበቃዋል፤ ናኖ ሰከንድ ማለት የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። እንግዲህ አሽከሬ የሚያየው እኔን አይደለም። የሚያየው ከላይ እንደታየ ካርታ ሁለት ትናንሽ ቅስቶች ነው፤ አንዱ ግራ ቅልጥም፣ አንዱ ቀኝ ቅልጥም። ሽበቴን አያይም። ለዚያ ቀን ብዬ ያሰርኩትን ከረባት አያይም። ከሁለቱ ቅስቶች ግን የእርምጃዬን ርዝመት፣ ፍጥነቴን፣ ሁለቱም እግሮቼ አንድ ላይ መሬት የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ግራዬ ከቀኜ ምን ያህል እንደሚያንስ ያወጣል። ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው ደግሞ አንዱ እርምጃ ከሚቀጥለው ጋር አለመመሳሰሉ ነው። አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ፣ አንዱ ፈጥኖ አንዱ ዘግይቶ ከሆነ፣ ሰውየው ለመውደቅ ቅርብ ነው ይላሉ።

አንድ የሙያ ጠብ አንስቻለሁ። እኛ ቴዎዶላይት ስንተክል ሦስት እግሩን አጽንተን፣ ውሃ ልኩን አስተካክለን፣ አጠገቡ ፍየል እንኳ እንዳታልፍ ጠባቂ አቁመን ነበር። እነዚህ መሣሪያውን ጎማ ላይ ጭነው እየነዱት ይለካሉ! ቀያሹም ተቀያሹም የሚሄድበት ቅየሳ የት አገር አለ? ተመራማሪዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሮቦቱ የገዛ ጎማውን ዙር ይቆጥራል፣ ግድግዳውን እያየ የት እንዳለ ያውቃል፣ የራሱን መሄድ ከኔ መሄድ ላይ ይቀንሳል። ወለል ላይ የሚነጠፍ ሴንሰር ያለበት ምንጣፍ አለ፤ እሱ ግን ጥቂት እርምጃ አይቶ ያልቅበታል። ሮቦቱ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ይከተላል፣ ስዞርም አብሮ ይዞራል፤ ሰው ደግሞ የሚወድቀው ሲዞር ነው። መልሱ ጥሩ መልስ ነበር። በልቤ ተቀበልኩት፤ በአፌ ግን «ይሁን እስቲ» ብቻ አልኩ።

የመጀመሪያው ዙር ላይ አሽከሬ ሦስት እግር ቆጠረልኝ። ከዘራዬን ነው። ከዘራዋም በቅልጥም ከፍታ ላይ ቅስት ስለሆነች፣ አንዴ ግራ እግሬ፣ አንዴ ቀኝ እግሬ ያደርጋታል፤ አንዴም እግሬን ከዘራ አድርጎት አረፈው። ይህ የኔ አሽከር ድድብና ብቻ አይደለም፤ ከዘራና መራመጃ ድጋፍ እግር ፈላጊ ሌዘርን ሁሉ የሚያስቸግር ነገር ነው አሉ። ስለዚህ «ለዛሬ ያለ ከዘራ ይሞክሩ» ተባልኩ። ለመደገፊያ ብቻ የያዝኩት መሰላቸው። ከዘራ እኮ ውሻ መመለሻ ነው፣ ለልጅ መጠቆሚያ ነው፣ በነገር መሀል መሬት መምቻ ነው። ያለ ከዘራ የምናገረውን እንኳ ማን ይሰማኛል? አስቀመጥኳት። እጄ ባዶውን ቀረ፤ ኮሪደሩን ሙሉ የማይታይ ነገር እየጨበጥኩ ሄድኩ።

የሚስቴ ደግሞ የባሰ ነው። ክብር ያለው ቦታ ነው ብላ እስከ ተረከዟ የሚደርስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ መጣች። ሮቦቱ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ሁለት ቅልጥም አጣ። የሚታየው አንድ ሰፊ ነገር ነው። እሷ ኮሪደሩን ጨርሳ ስትዞር እሱ ከተነሣበት ንቅንቅ አላለም። «እግር የለሽም ነው የሚለኝ?» አለች፤ ተቆጣች፤ ዘጠኝ ወር ያረገዘችበትን፣ ጾም ቁርባን የቆመችበትን እግር የካደ ማሽን! እንግዲህ ካርዷን ትታ ትቀራለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ምን ለብሳ ብትመጣ ጥሩ ነው? ሱሪ። ልጃችንን «ሱሪ ለብሰሽ ሰው ፊት!» እያለች ያሳደገች ሴት፣ የዚያችኑ ልጅ ጥቁር የስፖርት ሱሪ ለብሳ ከመኪና ወረደች። እኔ ደንግጬ ያልሆነ ቦታ አየሁ። ሮቦቱ ሁለት ጥርት ያሉ ቅልጥሞች አገኘና እንደ ወፍ ተከተላት።

ውጤት መጣ። እኔ በሰከንድ 0.78 ሜትር። እሷ 1.06።

የኔ ቁጥር ክፋቱ ያለበት ቦታ ነው። ብዙ ሐኪሞች 0.8ን ድንበር አድርገው ይይዙታል፤ ከዚያ በታች የሆነ «ዝግተኛ» ተብሎ ይመዘገባል። ሁለት ሳንቲሜትር! በአያቶቻችን ዘመን መሬት በቃላድ ሲለካ ገመዱ እንደ ሰውየው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይጠብቃል ይባል ነበር። ለአንድ ደህና ሽማግሌ ሁለት ሳንቲሜትር የማያላላ ቃላድ ጣይ አልነበረም። የሌዘር ክፋቱ ጉቦ አለመብላቱ ነው። «ጫማዬ አዲስ ስለሆነ ነው» አልኩ፣ «ቁርስ አልበላሁም» አልኩ፣ ልጅቷ ሁሉንም በፈገግታ ጻፈች፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ነው።

በቁስሌ ላይ ጨው የጨመረው የልጅ ልጄ ነው። «አያቴ፣ ይህን ስማ» ብሎ ከስልኩ አነበበልኝ። የእንግሊዞቹ የሕክምና መጽሔት በየገናው በሒሳብ እውነተኛ፣ በሐሳብ ቀልደኛ የሆኑ ጥናቶች ያወጣል። በ2011 የገና እትሙ ላይ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሲድኒ ውስጥ ዕድሜያቸው 70 የሞላና ያለፈ 1,705 ወንዶችን አረማመድ ለክተው፣ ማን እንደሞተና ማን እንደቀረ ተከታትለው፣ የመልአከ ሞትን ፍጥነት አሰሉ። በሰከንድ 0.82 ሜትር፤ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ። በሰከንድ 1.36 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሚራመዱት ሽማግሌዎች አንድም የደረሰበት የለም።

እርሳስ አነሣሁ። 0.82 ሲቀነስ 0.78፣ በሰከንድ አራት ሳንቲሜትር ይበልጠኛል። አንድ ኪሎ ሜትር ብቀድመው እንኳ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አጠገቤ ነው። ሚስቴ ግን በየሰከንዱ ሃያ አራት ሳንቲሜትር እየራቀችው ትሄዳለች። «አይዞህ፣ እኔ ከፊት ሆኜ ድምፄን አሰማሃለሁ» አለችኝ፤ ለማጽናናት መሆኑ ነው። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ፈረንጆች መልአከ ሞትን ሲስሉት ረጅም ማጭድ አስይዘው ነው። የኔን ከዘራ ሲያስጥሉኝ የሱን ማጭድ ማን አስጣለው? ልኬት ከሆነ ለሁሉም እኩል ይሁን።

ልጄ ሳቋን ጨርሳ ወደ ቁም ነገሩ መለሰችኝ። በዚያው በ2011 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ ዘጠኝ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የ34,485 አዛውንቶችን አረማመድና ዕድሜ ያየ። ከእያንዳንዱ ሰው የተለካው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። በሰከንድ አሥር ሳንቲሜትር የፈጠነ ሰው የመሞት አደጋው ወደ 12 በመቶ ያንሳል። ዕድሜን፣ ጾታንና ፍጥነትን ብቻ ይዞ መገመት፣ የደም ግፊቱን፣ የሲጋራውን፣ የውፍረቱን፣ የነበረበትን በሽታ ሁሉ ዘርዝሮ ከመገመት ብዙም አያንስም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ምሁራን የአረማመድ ፍጥነት ስድስተኛው የሕይወት ምልክት ይባል ብለው ጽፈዋል፤ ከሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከትንፋሽ፣ ከደም ግፊትና ከሕመም ቀጥሎ መሆኑ ነው። መዝገም ራሱ አይገድልም። ለመራመድ ግን ልብ ደም መርጨት አለበት፣ ሳምባ አየር መሳብ አለበት፣ ነርቭ ማዘዝ፣ ጡንቻ መታዘዝ፣ መገጣጠሚያ መሸከም አለበት። ከነዚህ አንዱ ሲያንስ ሰውየው ራሱ ሳያውቅ እግሩ ያውቃል። ይህን ስትነግረኝ ዝም አልኩ። የንስሐ አባቴ እንኳ ያልደፈሩትን ነገር አንድ በጎማ የሚሄድ ዕቃ ቅልጥሜን አይቶ መናገሩ ግን ድፍረት ነው።

አሁን ዋናው በደል ላይ ደረስኩ። አንድ ፈተና አላቸው። እየሄድኩ ሳለ ልጅቷ ጎኔ ሆና ትናገረኛለች። «እንዴት ነዎት? ትናንት ምን በሉ?» ትላለች። ምን አደረግሁ? የተገባውን አደረግሁ። ቆምኩ፤ ወደሷ ዞርኩ፤ ባርኔጣዬን አነሣሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺ እንዴት ነሽ፣ እናትሽ ደህና ናቸው?» አልኳት። አሽከሬም ከኋላዬ ቆመ። ልጅቷ አንገቷን ነቅንቃ ጻፈች። ኋላ ሳጣራ ለካ መቆሜ ነው የተጻፈው! በ1997 የስዊድን ተመራማሪዎች በአንድ አጭር ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ እየሄደ ሳለ ወሬ ሲጀመርለት የሚቆም አዛውንት ለመውደቅ ቅርብ ነው። ካዩዋቸው 58 ሰዎች 12ቱ ቆሙ፤ ከነዚያ ውስጥ 10ሩ በስድስት ወር ውስጥ ወደቁ። ምክንያቱ ይገባል። መራመድ አእምሮን እየጠየቀ ሲመጣ ለወሬ የሚተርፍ ጉልበት አይኖርም፤ ሰውየው ከሁለቱ አንዱን ይጥላል።

ግን እናንተ ፍረዱኝ። ሰው «እንዴት ዋልክ» ሲለው እየሄደ የሚመልስ ምን ዓይነት አስተዳደግ ያደገ ነው? አባቴ እንዲህ ያለውን «የመንገድ በቅሎ» ነበር የሚሉት። እኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ይቆማል። ስለ ቤት ይጠያየቃል፣ ስለ ከብት ይጠያየቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠያየቃል፣ ጨርሶ «በሉ ደህና ዋሉ» ከተባባለ በኋላ አሥር እርምጃ ሄዶ የረሳው ትዝ ይለውና ዞሮ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ትልቅ ሰው አይቸኩልም። የሚቸኩለው ሌባ ነው፣ ወይም ምጥ የያዛት ሚስት ያለችው። በጥምቀት ዕለት ታቦት ያከበሩ ካህናት ሲሄዱ አሽከሬ ቢከተላቸው ኖሮ ያለ ጥርጥር አምቡላንስ ይጠራ ነበር። እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሚሄደው፤ ማንም ግን በሰከንድ ስንት ሳንቲሜትር ብሎ አላዋከበውም።

ለስዊድኖቹ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ዘንድ ሳይቆሙ ማውራት ነውር ላይሆን ይችላል። የኔ መቆም ግን ድካም ይሁን ጨዋነት ሌዘሩ በምን ያውቃል? ሁለት ቅስቶች ቆሙ፤ ያየው ይህንን ነው። ልጄን ይህን አስተርጉሚልኝ አልኳት። አስተረጎመች። ተመራማሪዋ «በጣም ጠቃሚ ሐሳብ ነው» አለችና ሌላ ፈተና ሰጠችኝ፤ ከመቶ ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይሂዱ። ይኼ ሰላምታ ስላልሆነ መቆሚያ ምክንያት የለኝም። ሒሳብ ደግሞ ቤቴ ነው። ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት፣ እያልኩ በአማርኛ አወረድኩት፤ አንዲት ቁጥር አላፈረስኩም። እግሬ ግን ስልሳ አምስት ላይ ስደርስ ቀሰስ አለ። ቁጥሩን ማንም አልሰማልኝ፤ እግሬን ጻፉ።

የወንበሩን ነገር አሳጥሬ ልለፈው። ከወንበር ተነሥ፣ ሦስት ሜትር ሂድ፣ ዙር፣ ተመለስ፣ ተቀመጥ። ከ1991 ጀምሮ ሐኪሞች በሰዓት የሚይዙት ፈተና ነው፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀ ሰው ያሰጋል ይላሉ። ምንም ሳላመጣ፣ ምንም ሳልወስድ፣ ሰው ሳይገባ ለምን ተነሥቼ እቀመጣለሁ? ቢያንስ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከዚያ አምጣ ቢሉኝ ትርጉም ይኖረው ነበር።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አንድ ችግር ያውቃሉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው እየታየ ነውና ይፈጥናል፣ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ መፍትሔ ያሉት ቤት ድረስ መምጣት ነው። ሚዙሪ ውስጥ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ ታይገር ፕሌስ የሚባል የአዛውንቶች መኖሪያ አለ፤ ክፍሎቹ ውስጥ የሰውን ጥላ ብቻ የሚያዩ መሣሪያዎች ሰቅለው የነዋሪውን አረማመድ ቀን ከሌት ይከታተሉ ነበር። በሳምንት ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ አምስት ሳንቲሜትር የወረደ ሰው በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት የመውደቅ ዕድሉ 86 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ነርሶቹ ያንን አይተው ቀድመው ይደርሳሉ፤ መድኃኒቱን ያያሉ፣ ሽንቱን ይመረምራሉ፣ ጉልበቱን ያሠሩታል። ማሳቹሴትስ ያለው ትልቁ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ በ2017 ሌዘርም ካሜራም የማይፈልግ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሬዲዮ ሞገድ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አረማመድ የሚለካ ሣጥን አሳይቷል። ግድግዳ ያልፋል ነው የምላችሁ። ሌሊት ለሽንት ስነሣ ያያል ማለት ነው። አይፎንም ከ2021 ወዲህ ኪስ ውስጥ ሆኖ አረማመድህ ጽኑ ነው፣ ዝቅተኛ ነው፣ በጣም ዝቅተኛ ነው እያለ ይፈርዳል። ልጄ የገዛችልኝን ስልክ ወንበር ላይ ትቼው ነው የምንቀሳቀሰው፤ እሱ እንደሚያውቀው እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲበዛብኝ አንድ የድሮ ሥራዬ ትዝ ይለኛል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ የጭነት መኪና ደጋግሞ ሲገለበጥ እኛን ይልኩናል። የሾፌሩን ጉልበት ለክተን አናውቅም። የመንገዱን ኩርባ እንለካለን፣ ማዘንበሉን እንለካለን፣ ውሃ የሚወርድበትን እናያለን፤ ኩርባው ጠቦ ከሆነ ኩርባው ይሰፋል። እዚህ ግን ሰው ወደቀ ሲባል የሚለካው ሰውየው ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ያለውን የእግረኛ መንገድ የዛፍ ሥር ስንት ቦታ ገንጥሎ እንዳነሣው የለካ ሮቦት አላየሁም። የወጥ ቤታችንን ምንጣፍ ጫፍም ማንም አልለካው።

መብራቱማ! የአሜሪካ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ እግረኛ በሰከንድ አራት ጫማ ይሄዳል ብሎ ነበር የሚያስበው፤ ይህም 1.2 ሜትር ያህል ነው። በ2009 ወደ ሦስት ጫማ ተኩል አወረዱት፤ 1.07 ሜትር ግድም። እንግዲህ መቁጠሪያው ወደ ታች መቁጠር ሲጀምር ከዳር የተነሣ ሰው 18 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለማቋረጥ 17 ሰከንድ ያህል ይሰጠዋል። እኔ በ0.78 ስሄድ 23 ይፈጅብኛል። ዜሮ ሲል አምስት ሜትር ይቀረኛል፤ ከፊቴ ሁለት መስመር ሙሉ መኪና አለ፤ አንዱ ጥሩንባ ይነፋል፤ ባርኔጣዬን አንሥቼለት እቀጥላለሁ። መመሪያው ራሱ ዘገምተኛ እግረኛ የሚበዛበት ቦታ ላይ ፍጥነቱ ከዚህም ዝቅ ብሎ ይታሰብ ይላል። እኛ ሰፈር ከመስቀለኛው ወዲህ የአዛውንቶች መኖሪያ ሕንጻ፣ ከወዲያ መድኃኒት ቤት ነው። ከዚህ የበለጠ ዘገምተኛ የት ይበዛል? የሠፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ቁጥር አሽከሬ ይዞታል፤ ቁጥሩን ለመብራቱ የሚነግር ግን የለም። ለኔ ስድስት ሰከንድ ከመጨመር እኔ ላይ ሃያ ዘጠኝ ሳንቲሜትር መጨመር ይቀላል ብለው ይሆናል፤ የጉልበት ስፖርት ወረቀት ሰጥተውኛል።

ለተመራማሪዋ አንድ ሐሳብ አቀረብኩላት። ይህን ሮቦት ከኮሪደር አውጡት፤ መስቀለኛው ላይ አቁሙት። እኔ ዜብራው ላይ ስገባ ከኋላዬ ይግባ፣ ቀይ ባንዲራ ያውለብልብ፣ እስክሻገር መኪናውን ያስቁም። አሽከር ሥራው ይኸው ነው። ልጅቷ ሳቀች፣ ጻፈችም፤ ከመቆሜ ሥር ይሁን ከሌላ ቦታ አላወቅሁም። «ለአሁኑ የሚችለው መለካት ብቻ ነው» አለችኝ።

ሚስቴ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ተረከዙ ውስጥ አየር ያለበት ሸራ ጫማ አዝዛለች፤ ካርዷን ነው ያዋለችው። ጧት ጧት ከልጃችን ቤት እስከ ፖስታ ሣጥኖቹ ድረስ እጇን እያወናጨፈች ትመላለሳለች፤ 1.36 ካልገባሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ትላለች። ጎረቤት ሰላም ሲላት እጇን ብቻ አንሥታ እየሄደች ነው የምትመልሰው፤ አንዴ እኔንም እንደዚያ አደረገችኝ። እኔ ከዘራዬን ይዤ እሄዳለሁ። ሦስት እግር አለው ብለው ይመዝግቡኝ።